የድንቡሼ ልክ

ጥቅምት 3

እታለም፣

ሰላምታውን ከማብዛቴ በፊት ጥያቄሽን ልመልስ፤ አላበድኩም። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሸሚዜን ሳይቀር እተኩሳለሁ። ባልሽ ጭነት ሊያራግፍ መጥቶ ቤቴ ጎራ ሲል ያየው ነገር ግን እውነት ነው። ኮምፒውተር ፊት ተቀምጬ "በቃ፣ በቃ፣ አባባ መጣ" እያልኩ ነበር። ከራሴ ጋር አልነበረም የማወራው። ጌም እየተጫወትኩ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመሥሪያ ቤታችን ፀሐፊ የማትጠቀምበትን ኮምፒውተር ሰጠችኝ፤ ውስጡ የኑሮ ጨዋታ አለ። ጥይት የለ፣ ሩጫ የለ። ቤት ትሠሪያለሽ፣ ሰው ታስገቢበታለሽ፣ ከዚያ ታኖሪዋለሽ። እኔ አንድ አባትና ገና መራመድ የጀመረች ልጅ አስገባሁ። የልጅቷ ረሃብ፣ ንጽሕና፣ እንቅልፍ፣ ሽንት፣ የሰው ናፍቆት፣ ሁሉም በስክሪኑ ጥግ በመስመር ይታያል። አረንጓዴ ከሆነ ደህና ናት፤ ቢጫ ከሆነ ፍጠን ማለት ነው፤ ቀይ ከሆነ አለቀልህ።

የመጀመሪያ ቀን አለቀልኝ። ሳበላት ሽንቷ መጣ፣ ሽንቷን ሳስተናግድ እንቅልፏ መጣ፣ ላስተኛት ስል አባትየው ራሱ ራበውና ወጥ ቤት ገባ። ልጅቷ ወለል ላይ ተኛች። ቸል የተባለ ልጅ የምትወስድ፣ ቦርሳ ያንጠለጠለች ሴትዮ በሩን አንኳኩታ ገባችና ይዛት ሄደች። ልመና የለ፣ ይግባኝ የለ። አልጋዋ ባዶውን ቀረ። እታለም፣ ጌም መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን ተነስቼ ፊቴን ታጠብኩ።

ያልሽኝን አልረሳሁም። የልጄ የድንቡሼ እናት ከሞተች በኋላ፣ እኔ በሌሊት ፈረቃ ሊፍት ስጠግን ልጅቷን የሚይዝልኝ ሲጠፋ፣ "እስክትቆም እኔ ጋ ትሁን" ብለሽ ወሰድሻት። አሁን ቆሜያለሁ። የቀን ፈረቃ ሰጥተውኛል። "መቻልህን አሳየኝና ውሰዳት" ስላልሽኝ ይኸው ልምምድ ላይ ነኝ። የዓመት ፈቃዴ ጥር ላይ ነው፤ እስከዚያ እችላለሁ።

ስልክ አትደውል ያልሽውንም አከብራለሁ። ድምፄን በሰማች ቁጥር ምግብ እምቢ የምትል ከሆነ ምን አደርጋለሁ፣ እጽፋለሁ። ባልሽ ከነመኪናው ፖስታ ቤታችን ይሁን። እሱን ስለ ልጄ ስጠይቀው "ደህና ናት" ብቻ ነው የሚለኝ፤ ቃል የሚሸጥ እንጂ የሚናገር አይመስልም። አንቺ ንገሪኝ እንጂ። ሁለት ዓመት ተኩል አልፏታል፤ ምን ምን ትላለች? አንቺንስ ማን ብላ ነው የምትጠራሽ?

ታናሽ ወንድምሽ፣ ሊፍት ጠጋኙ


ጥቅምት 19

ወንድምዓለም፣

ደህና መሆንህን ከራስህ በመስማቴ ተመስገን ብያለሁ፤ ባሌ ሲነግረኝ ሐኪም ላፈላልግልህ ነበር። ደብዳቤህን ሳነብ ከመሳቄ የተነሳ የስፌት መኪናዬ ላይ የነበረ የነርስ ጋውን እጅጌው ጠማማ ሆኖ ቀረ። አረንጓዴ ልጅ፣ ቢጫ ልጅ! እውነተኛዋ ልጅ መስመር የላትም ወንድሜ። ሲርባት ትናደዳለች፣ ስትጠግብም ትናደዳለች። የጌምህ ልጅ ትነክሳለች? የበላችውን ትከሻህ ላይ ትመልሳለች? ኮምፒውተሩን ስታጠፋው ዝም አትልም?

እኔ የምፈራው እሱን ነው። ባለፈው ዓመት ስትመጣ የሆነውን ታውቃለህ። አላወቀችህም፣ አለቀሰች፤ አንተም ቀና ብለህ ሳታየኝ በጠዋቱ አውቶቡስ ተመለስክ። ያን ቀን አልፈረድኩብህም፣ ሐዘንህ ገና እርጥብ ነበር። ግን ልጅ ስታለቅስ መውጫ በር የሚፈልግ ሰው ልጅ አያሳድግም። ይህን የምጽፍልህ ጨክኜ አይደለም።

ስለ ድንቡሼ የጠየቅከውን፣ ደህና ናት። ገና ናት። ዳይፐር ላይ ናት፣ ጡጦዋንም አልተወችም፣ የምትለው ቃል ብዙ አይደለም። ትንሽዬ ናት፣ አልረዘመችም። አንዳንድ ልጅ ቀስ ይላል፤ አትጨነቅ፣ አትቸኩል።

አንድ ነገር ልለምንህ። ያችን የኮምፒውተር ልጅ ድንቡሼ እያልክ እንደምትጠራት ባሌ ነግሮኛል። ሌላ ስም ስጣት። የልጄን ስም ይዛ በሴትዮ ተወሰደች ሲባል መስማት አልፈልግም።

ካሮቱን እሳት ላይ ረስቼዋለሁ፣ ልሂድ።

እህትህ


ኅዳር 6

እታለም፣

ካሮቱ እንዳላረረ ተስፋ አደርጋለሁ። ጥያቄዬን ግን ካሮቱ በላው፤ ማን ብላ እንደምትጠራሽ አልነገርሽኝም። ግድ የለም፣ ደግሜ እጠይቃለሁ።

የጌሟን ልጅ ስም ቀይሬያለሁ። አሁን "መምህሬ" ነው የምላት፤ ስለምትቀጣኝ። መጀመሪያ ፎቅ ቤት ሠርቼላት ነበር። ሞኝነቴን ተመልከቺ! አልጋዋ ላይ፣ ፖፖዋ ታች። ደረጃውን በቂጧ እየተንሸራተተች ስትወርድ ሽንቷ መንገድ ላይ ያመልጣታል። ሊፍት ልገጥምላት ብል ጌሙ ለሕፃን ሊፍት አይፈቅድም። ዕድሜ ልኬን ሰው ከፎቅ ፎቅ ሳመላልስ ኖሬ አንዲት ልጅ ፖፖ ማድረስ አቃተኝ።

ከዚያ ገባኝና ፎቁን አፈረስኩት። አንድ ክፍል ብቻ አደረግኩት፤ አልጋ፣ ፖፖ፣ የምግብ ወንበር፣ የመታጠቢያ ገንዳ፣ ሁሉም ጎን ለጎን። ቅደም ተከተሉንም አገኘሁት። ከእንቅልፏ ስትነሳ ወዲያው ፖፖ፣ ከፖፖ ወደ ወንበሩ፣ ከበላች በኋላ ገንዳ፣ ከገንዳ ወጥታ ተረት፣ ተረቱ ሳያልቅ እንቅልፍ። አባትየው የሚበላው እሷ ስትተኛ ነው። ይህን ከያዝኩ ወዲህ ሴትዮዋ በሬን አላንኳኳችም።

ቤቴንም እንዲሁ አደረግኩት። ቁም ሳጥኔን አወጣሁ፣ አልጋዬን ግድግዳ አስጠጋሁ፣ ቢጫ ፖፖ ገዛሁ፣ ከፍ ያለ የምግብ ወንበር ከነቀበቶው ገዛሁ። ባልደረባዬ ሊጠይቀኝ መጥቶ ጫማ ማውለቂያ በርጩማ መስሎት ፖፖው ላይ ሊቀመጥ ምንም አልቀረውም።

እውነቱን ለመናገር ግን "ገና ናት" ያልሽው ነገር እንደ እሾህ ይወጋኛል። ሁለት ዓመት ተኩል ያለፋት ልጅ ቃሏ ትንሽ? ከምጠግናቸው ሕንፃዎች አንዱ ላይ የልጆች ሐኪም አለች። ሥራዬን ጨርሼ፣ እጄ ግራሶ እንደነካው፣ በሯ ላይ ቆሜ ጠየቅኳት። "እናቷን ያጣች ልጅ ልትዘገይ ትችላለች፤ ብዙ አውራት፣ እቀፋት፣ ታገሥ" አለችኝ። እንግዲህ ከሌላው አባት እጥፍ ማወቅ አለብኝ ማለት ነው። አውቃለሁ፣ እችላለሁ።

አንቺም ፖፖዋን ከአልጋዋ አጠገብ አድርጊላት። እንደነቃች ወዲያው፣ እየዘፈንሽ አስቀምጫት። ይሠራል።

ወንድምሽ


ኅዳር 22

ወንድምዓለም፣

ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች ሲባል እሰማ ነበር፤ ዘንድሮ በጽሑፍ ደረሰኝ። እየዘፈንሽ አስቀምጫት! እሺ ጌታዬ፣ ዜማውንም ላክልኝ።

ዘግይቼ በመጻፌ ይቅር በለኝ። የሆስፒታሉ ጋውን ቀኑ ስለደረሰ ቤቱ ክርና ቁራጭ ጨርቅ ብቻ ሆኗል። ትናንት አንዲት ደንበኛዬ ለቀሚስ ልክ ልትሰጥ መጥታ፣ እኔ በስፌት መኪናው ድምፅ ማንኳኳቷን ሳልሰማ፣ ድንቡሼ ከፍታላት ገባች። ያቺ ሴት ከገባች ደግሞ አትወጣም። ስለ ምራቷ ስታወራልኝ አንድ ሙሉ ጋውን ገልብጬ ሰፋሁ።

ሐኪም ዘንድ ባትሄድ ይሻል ነበር። ምን አስሮጠህ? ልጅቷ ምንም አልሆነችም፤ እኔ እያልኩህ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። ዳይፐሩም ይቀራል፣ ቃሉም ይመጣል። ፖፖ መግዛትህ ጥሩ ነው፤ ግን ጥር፣ ጥር አትበል። መጪው ክረምት ይለፍ። ልጅ ከለመደችው ቤት ስትነቀል የሚሆነውን አንተ አታውቀውም።

በባሌ በኩል የጠየቅከውን ፎቶ በተመለከተ፣ የስልኬ ካሜራ ተበላሽቷል። እሱ ደግሞ ቤት ሲገባ ትራስ እንጂ ፎቶ አያውቅም።

ማን ብላ ነው የምትጠራሽ ያልከው፣ ልጅ አይደለች? አፏ ላይ የመጣላትን ትላለች።

እህትህ


ታኅሣሥ 8

እታለም፣

ዛሬ ሰላምታው ያጥርብኛል። መምህሬ አደገች።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። ገንዳ ውስጥ ሆና አረፋ ታንቦጫርቃለች፣ መስመሮቿ ሁሉ አረንጓዴ። ሰዎች ሊፍት ውስጥ ተይዘዋል ተብሎ ተደወለልኝና ጌሙን ማቆም ረስቼ ወጣሁ። ሰዎቹን አውጥቼ ስመለስ ገንዳው ባዶ ነው። ሴትዮዋ የወሰደቻት መሰለኝ። ከዚያ አንዲት ረዥም ልጅ፣ የትምህርት ቤት ቦርሳ ያዘለች፣ ከጓሮ እየሮጠች መጣች። ራሷ ናት። እኔ ሳልኖር ልደቷ ደርሶ፣ ያቺ አረፋ ውስጥ የተውኳት ልጅ ትልቅ ልጅ ሆናለች። ወንበሩ አይመጥናትም። ፖፖውን ብጠቁማት ጌሙ እምቢ ይለኛል። ራሷ ምግብ አውጥታ፣ ራሷ በልታ፣ ሳህኑን ራሷ አጠበች። እጄ ማውዙ ላይ እንዳለ የማደርግላት ነገር አጣሁ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይላሉ፤ እኔ በጌም አለቀስኩ።

ሰኞ ለፀሐፊያችን ነገርኳት። ስትስቅብኝ ቆይታ፣ "ታዲያ ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ እድገቱን አታቆመውም? አንዴ ካቆምከው ዕድሜ ልኳን ሕፃን ትሆንልሃለች" አለችኝ። ገባሁ፤ እውነትም አለ። ጣቴ ላዩ ላይ ቆየ። አልተጫንኩትም። ለማን ብዬ ነው የማስቀራት? ለእሷ ብዬ አይደለም።

ከዚያ ደብዳቤዎችሽን ደግሜ አነበብኳቸው። እታለም፣ የኔ ሥራ የቆመ ሊፍት የት ላይ እንደተያዘ ማዳመጥ ነው። ዳይፐር ላይ ያለች፣ ያልረዘመች ልጅ ለደንበኛሽ በር እንዴት ከፈተች? የቤትሽን በር እጀታ የገጠምኩት እኔ ነኝ፤ ከፍታውን አውቀዋለሁ።

በሰው ነገር አልገባም፣ አልፈርድምም፤ እየጠየቅኩ ነው። ሜትር ከአንገትሽ ወርዶ አያውቅም። ቁመቷን ለኪና ላኪልኝ። ጫማም ልገዛላት ስለሆነ የእግሯንም ልክ።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 20

ወንድምዓለም፣

ቁጥሩን መጻፍ አቃተኝ። ፖስታው ውስጥ ያለውን ሪባን ዘርጋው፤ ከአናቷ እስከ ተረከዟ ነው። ወረቀቱ ላይ በእርሳስ የዞርኩት እግሯ ነው፤ እየኮረኮርሽኝ ነው ብላ ስትስቅ ጣቶቿ ጋ መስመሩ ተበላሽቷል።

በሩን ራሷ ነው የከፈተችው። ዳይፐር ከጣለች ቆየች፣ ጡጦም ትታለች። ታወራለች። ከነጋ እስኪመሽ አፏ አይዘጋም።

የምትጽፍልኝን ሁሉ እቀበላለሁ።

እህትህ


ታኅሣሥ 27

እታለም፣

ሪባኑን ከበሬ አጠገብ ግድግዳው ላይ ዘረጋሁት፤ እጀታውን ሊነካ ትንሽ ነው የቀረው። ከዚያ ወለሉ ላይ አጋደምኩትና አጠገቡ ተቀመጥኩ። ከዚያ የምግብ ወንበሩ ላይ አስቀመጥኩት፤ ግማሹ ተርፎ ወደ መሬት ተንጠለጠለ። ቀበቶውን ለማን ልሰር?

ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ደሜ ፈልቷል፣ ልደብቅሽ አልችልም። ልጄ የዘገየች መስሎኝ የሰው ሐኪም በር ላይ ቆሜ ስለማመጥ ዝም አልሽ? እናቷ ስለሞተች፣ እኔም ስለራቅኩ፣ ምላሷ የታሰረ መስሎኝ ስንት ቀን ምግብ አልወርድ እንዳለኝ ታውቂያለሽ? አፏ የማይዘጋ ልጅ! የመጀመሪያውን ሙሉ ንግግሯን ማን ሰማው? አንቺ። ፖፖው ላይ ራሷ ሄዳ የተቀመጠች ቀን ማን አጨበጨበላት? አንቺ። ብትነግሪኝ እኔም እዚህ ሆኜ አጨበጭብ ነበር። እድገት ማቆሚያውን እኔ በጌም ልጅ ላይ አልተጫንኩትም፤ አንቺ በእውነተኛዋ ላይ ተጫንሽው።

ይህን ጽፌ ወረቀቱን አጥፌው ነበር፤ መልሼ ከፈትኩት። ለዚህ ቁመት ማን እንዳደረሳት አውቃለሁ። ዝም ብሎ የሚረዝም ልጅ የለም፤ ያንቺ ሾርባና ያንቺ እጅ ነው። ይህን ሳልጽፍ ብልከው ግፍ ይሆንብኝ ነበር። ንዴቴን ግን አልመለስኩትም፤ ሁለቱም አብረው ይድረሱሽ።

ፖፖውን ለፀሐፊያችን እህት ልጅ ሰጠሁት። የወንበሩን ቀበቶ ፈታሁ፣ እግሮቹን በመጋዝ ቆረጥኩ፤ አሁን ራሷ የምትወጣበት ወንበር ሆኗል። ፈቃዴ ተፈርሟል፤ ጥር አጋማሽ ላይ እመጣለሁ። ብታለቅስ አልመለስም። በጠዋቱም በማታውም አውቶቡስ አልመለስም። አንቺም ብታለቅሺ ያው ነው።

ወንድምሽ


ጥር 5

ወንድምዓለም፣

ስድብህ ልክ ነው፣ ምስጋናህ ግን ከስድቡ ይልቅ አቃጠለኝ።

ለምን ላልከው፣ ጌጥ ሳልጨምርበት ልንገርህ። ዳይፐሯን የጣለች ቀን በደስታ ልጽፍልህ ቁጭ ብዬ ነበር። ግማሽ ገጽ እንደጻፍኩ፣ "እንግዲያውስ ቀለለች፣ መጥቼ ልውሰዳት" ስትል ታየኝ። ቀደድኩት። ከዚያ በኋላ አንዱ ውሸት ሌላውን እየጎተተ መጣ። ስልክ አትደውል ያልኩህም መጀመሪያ እውነት ነበር፤ እውነት ምግብ እምቢ ትል ነበር። በኋላ ግን ድምፅዋን እንዳትሰማብኝ ብዬ ነው። ባሌንም አፉን ያስያዝኩት እኔ ነኝ፤ ሲበዛ ዝምተኛ ነው፣ ግን አልወደደውም። ሐኪም በር ላይ መቆምህን ሳነብ፣ ያኔውኑ ልነግርህ ይገባ ነበር፤ ፎቶ፣ ካሜራ እያልኩ ደግሞ ቀባጠርኩ።

እማዬ ነው የምትለኝ። አላስተማርኳትም፣ አልከለከልኳትምም። መጀመሪያ ቀን እማዬ ስትል ከኋላዬ ሰው ያለ መስሎኝ ዞር ብያለሁ። እኔ አልወለድኩም ወንድሜ፤ ታውቃለህ።

አሁን ስማኝ። አንተ በገባህ ማግስት እኔ እወጣለሁ። ባሌ አሸዋ የሚያመላልስበት የመንገድ ሥራ ካምፕ ውስጥ ድንኳንና ቱታ የሚጠግን ሰው ይፈልጋሉ፤ እሄድላቸዋለሁ። እኔ ቤት ካለሁ እሷ ወደ እኔ ትሮጣለች፣ አንተ ትለቃታለህ፣ እኔም እጄን እዘረጋለሁ። ሁላችንም እናውቀዋለን።

መስመር የላትም ብዬህ ነበር፤ አላት፣ ግን በጆሮ ነው የሚያዘው። ሲርባት ትዘፍናለች። ሽንቷ ሲመጣ ዝም ትላለች፤ ዝም ካለች ሩጥ። እንቅልፏ ሲመጣ ሁሉን ስጠኝ ትላለች፣ የሰጠሃትን ትወረውራለች፤ ምንም አትስጣት፣ አቅፈሃት መስኮቱ ጋ ቁም። ካሮት ራሷ ካላማሰለችው አትበላም። ጫማዋን ግራና ቀኝ ብታቀያይረው አታርማት፣ በሩ ጋ ስትደርስ ራሷ ታስተካክለዋለች። ፀጉሯን ስታጥብ ዓይኗን በእሷ እጅ ሳይሆን በእጅህ ሸፍንላት፤ የራሷን እጅ አታምነውም።

ስመለስ ስትበላ፣ ስትተኛ፣ ሳትከሳ ካገኘኋት ልብሷን ራሴ እሸክፋለሁ። ይኸኛው ውሸት የለበትም።

እህትህ


ጥር 24

እታለም፣

የምጽፍልሽ ስፌት መኪናሽ ላይ ተደግፌ ነው። መርፌውን ነቅዬ ደብቄዋለሁ፤ አትቆጪ፣ እጅ ስለበዛበት ነው።

ስለ መጀመሪያው ቀን በባልሽ በኩል ለጠየቅሽው፣ አለቀሰች። አንቺ የወጣሽበት በር ስር ተቀምጣ እማዬ፣ እማዬ ትላለች። እኔም በሩ ስር ተቀመጥኩ። እጄን ስዘረጋ ትገፋኛለች፣ ስሰበስበው ደግሞ ይብስባታል፤ ስለዚህ መሃል ላይ ተውኩት። ጌሙ ላይ ልጅ ስታለቅስ "አባብላት" የሚል ትጫኛለሽ፣ መስመሩ ይሞላል። እዚህ የሚሞላ ነገር የለም፤ ሰው ተቀምጦ ይቆያል። ወገቤ ሲደነዝዝ፣ ውሸት ምን ያደርጋል፣ አውቶቡስ ጣቢያው ትዝ አለኝ። ያኔ ጫማዬን አውልቄ ወጥ ቤት ድረስ ወረወርኩት። ልቅሶዋን አቋርጣ አየችኝ። ሄዳ አነሳችው፣ አምጥታ እግሬ ስር አስቀመጠችውና "ጫማ አይወረወርም" አለችኝ። የመጀመሪያ ወሬያችን ይኸው ነው። ቁርጥ አንቺን።

ከዚያ ወዲህ እየገፋን ነው። ድስቱን ከእሳት አውርጄ ቀዝቀዝ ሲል ካሮቱን ታማስላለች፤ ግማሹ ለወለሉ፣ ግማሹ ለእሷ ይደርሳል። ዝምታዋን አንድ ጊዜ ሳልሰማው ቀርቼ ምንጣፍሽ ታጥቦ ተሰጥቷል። ፀጉሯን በአንድ እጄ ዓይኗን ሸፍኜ በሌላው አጥባለሁ፤ የሊፍት ገመድ በአንድ እጅ መፍታት ከዚህ ይቀላል።

ትናንት ሱቅ ደጃፍ ሙዝ ላጥኩላት። ያልተላጠ ነበር የፈለገችው። "መልሰህ አልብሰው!" አለችኝ። አይለበስም ስላት መሬት ላይ ተዘረጋች። መንገደኛው ሁሉ ቆመ፤ አንዲት ሴት "እናቷ የት ናት?" አለች። ዙሪያዬን አላየሁም። አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጥኩና ሙዙን በላሁት። ጩኸቷን ስትጨርስ፣ "አለቀ?" አለችኝ። "አለቀ" አልኳት። ተነሳች፣ አቧራዋን አራገፈች፣ የኔንም አራገፈችልኝ፣ እጇን ሰጠችኝና ሄድን።

አባባ አትለኝም፤ እንዳትጠብቂ። "ሰውየው" ነው የምትለኝ። ሰውየው ውሃ ያምጣ፣ ሰውየው ይዙር እዚያ ጋ። አላረምኳትም። ዛሬ ጠዋት ልብስ ሳሰጣ የጎረቤት ልጅ በአጥሩ አጮልቃ "እሱ ማነው?" ብላ ጠየቀቻት። ድንቡሼ የሱሪዬን ጉልበት ጨምድዳ ይዛ፣ "ሰውየው ነዋ! የኔ ሰውዬ ነው፣ ያንቺ አይደለም" አለቻት። የያዝኩትን አንሶላ ሁለት ጊዜ አሰጣሁት።

ቅዳሜ እንደምትመጪ ባልሽ ልኮብኛል። አልከሳችም፤ ነይና እይ። ይዣት እሄዳለሁ እታለም። ልብሷን ተጋግዘን እንሸክፋለን።

ወንድምሽ


ጥር 28

ወንድምዓለም፣

ቅዳሜ አልመጣም። አላመመኝም፣ አልተቀየምኩህምም። ከመጣሁ ታየኛለች፣ ካየችኝ አትለቀኝም፣ እኔም እለቃታለሁ ብዬ አልዋሽህም። ከመውጣቴ በፊት ጭኔ ላይ አስቀምጬ ነግሬያታለሁ፤ "እማዬ ሥራ ትሄዳለች፣ አንቺ ከአባባ ጋር ሌላ ቤት ትሄጃለሽ፣ ከዚያ እማዬ እዚያ ትመጣለች" ብያታለሁ። "በአውቶቡስ?" አለችኝ። በአውቶቡስ አልኳት። እንግዲህ መጋቢት ላይ እመጣለሁ፤ በሩን እሷ ትክፈትልኝ።

ደብዳቤህን ባሌ ነው ያነበበልኝ፤ የኔ ዓይን እምቢ አለ። ሙዙ ጋ ሲደርስ እሱም ማንበብ አቃተው፤ ያ ድንጋይ ሰውዬ።

መሸከፉን በተመለከተ፣ ሸክፌያለሁ። አንተ ከመምጣትህ በፊት ነው የሸከፍኩት። አልጋዬ ስር ያለውን ሻንጣ አውጣ። ከላይ ያሉት አሁን የምትለብሳቸው ናቸው። ከሥር ያሉት ሰፋፊዎቹ ስህተት አይደሉም። ቀዩ ለሚመጣው ዓመት ነው። ሰማያዊው ከዚያ በኋላ ላለው። ትልልቅ ኪስ ያለው ትምህርት ቤት ስትገባ ነው። ልኩን ከየት አመጣሽው እንዳትለኝ፤ እጄን አየር ላይ ዘርግቼ፣ እዚህ ጋ ትደርሳለች እያልኩ ነው የቆረጥኩት። ጫፋቸውን ሰፋ አድርጌ አጥፌዋለሁ፤ ስትረዝም ፍታው፣ ስፌቱ ላልቶ ነው የተሰፋው።

ያጠራት ጊዜ ጻፍልኝ። ምን ያህል እንዳጠራት ልክክ አድርገህ ጻፍ፤ እንዳታሳንስልኝ።

እህትህ